ርካሽ መኪና፣ ውድ ገዢ



ስለ መኪና ልናገር መጥቼ በሁለት ቃላት ልጀምር። የጤፍ ዋጋ ሲጨምር «ጤፍ ተወደደ» እንላለን። አንድ ልጅ በሰፈሩ ሰው ዓይን ሞገስ ሲያገኝም «ተወደደ» ነው የምንለው። ደብዳቤ ስንጽፍ «ውድ ወንድሜ» ብለን እንጀምራለን፤ ገበያ ወጥተን ደግሞ «ይሄማ ውድ ነው» ብለን ዕቃውን ካነሣንበት እንመልሳለን። ፍቅርና የከበደ ዋጋ በአማርኛ ሥረ ቃላቸው አንድ ነው። በሌላው ወገን፣ ዋጋ ሲወርድ «ረከሰ» እንላለን፤ የተቀደሰ ሥፍራ ሲደፈርም «ረከሰ» ይባላል። «ርካሽ ጫማ» አቅማችን የሚችለው ጫማ ነው። «ርካሽ ሰው» ግን ስድብ ነው።

ስለዚህ ርካሽ መኪና ሠርቶ ገበያ የሚወጣ ፋብሪካ ከተፎካካሪዎቹ ሁሉ በፊት የሚገጥመው ቋንቋውን ነው። ቅንጡ መኪና የሚሸጥ ሰው ገና አፉን ሳይከፍት ቃሉ ያግዘዋል፤ «ውድ ነው» ቢሉት ምስጋና ይመስልለታል። ርካሹን የሚሸጠው ግን «ርካሽ ነው» ባለ ቁጥር ገዢው አንገቱን ይደፋል። ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። እንግሊዞችም ጀርመኖችም ለሚወዱት ሰውም፣ ዋጋው ለከበደ ዕቃም የሚጠሩበት ቃል አንድ ነው።

ዛሬ ማታ አብረን እንድንመረምር የምፈልገው ጥያቄ ይህ ነው፤ ርካሽ መኪና የሚሠሩ ኩባንያዎች ከቅንጡዎቹ ጋር ገበያ ላይ ሲጋጠሙ ምን ብለው ተናገሩ? የትኛው ንግግር ሰመረላቸው? የትኛው አዋረዳቸው? በማስታወቂያ ሥራ ብዙ ዓመት የኖርኩ ሰው ነኝና መልሴን ከወዲሁ ላስቀምጥ። ያሸነፉት ዋጋውን ዝቅ፣ ገዢውን ከፍ ያደረጉት ናቸው። የወደቁት ከዋጋው ጋር ገዢውንም ዝቅ ያደረጉት ናቸው። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ።

መኪና ለብዙ ሰው ከቤት ቀጥሎ በሕይወቱ የሚገዛው ትልቁ ንብረት ነው። ቤት ግን አጥር አለው፤ ጓዳችንን መንገደኛ አያየውም። መኪና ውሎው አደባባይ ነው። ሠርግ ቤት፣ ለቅሶ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ መስጊድ ደጅ፣ መሥሪያ ቤት በር ላይ ከባለቤቱ ቀድሞ ይናገራል። ቅንጡ መኪና ሠሪዎች ይህ ከማንም በፊት ገብቷቸዋል። ከብረቱና ከቆዳው ጋር የሚሸጡት «ሰው ምን ይለኛል» ለሚለው ሥጋት የተዘጋጀ መልስ ነው። ርካሹ መኪና ከዚህ ጋር ሲጋጠም «እኔም አደርስሃለሁ» ቢል አይበቃውም። ገዢው መድረሱን አልተጠራጠረም። የሚያስጨንቁት ደርሶ ሲወርድ የሚያዩት ዓይኖች ናቸው።

ጄኔራል ሞተርስ በ1920ዎቹ፣ በአልፍሬድ ስሎን አመራር፣ ይህን ጭንቀት መሰላል አድርጎ ሠራው። ከታች ሸቭሮሌ፣ ከዚያ ፖንቲያክ፣ ኦልድስሞቢል፣ ቢዊክ፣ ከጫፉ ላይ ካዲላክ። ደመወዝህ ሲያድግ አንድ እርከን ትወጣለህ፤ ጎረቤትህም መውጣትህን ያያል። ቅርጹ በየዓመቱ ስለሚቀየር ያምናው መኪናህ ዘንድሮ ያሮጅሃል። እንዲህ ባለ ገበያ ውስጥ ታችኛው እርከን ላይ የቆመ ሰው ሁልጊዜ ገና ያልደረሰ ሰው ነው። ርካሽ መኪና መግዛት ማለት «አልደረስኩም» ብሎ በአደባባይ መመስከር ሆነ።

አሁን ወደ 1959 ኒው ዮርክ እንሂድ። የካዲላክ የኋላ ክንፎች ከመቼውም በላይ የረዘሙት በዚያ ዓመት ነው። በመጽሔቶቹ ላይ የአሜሪካ መኪኖች በቀለም ተሥለው፣ ከእውነተኛው ቁመታቸው ረዝመውና ሰፍተው፣ ከትልልቅ ቤቶች ፊት ቆመው ይታያሉ። በዚህ መካከል አንዲት ትንሽ፣ ጎባጣ፣ ሞተሯ ከኋላ የሆነ፣ ድምፅዋ የማያምር የጀርመን መኪና ገዢ ትፈልጋለች። እኛ «ቮልስ» የምንላት ናት። ትንሽነቷ ብቻ ቢሆን ችግሩ በቀለለ። የተፀነሰችው በሂትለር ዘመን፣ በሂትለር ፈቃድ ነው፤ ጦርነቱ ካበቃ ገና 14 ዓመቱ ነበር።

ሥራውን የተረከበው ዶይል ዴን በርንባክ የተባለ የማስታወቂያ ድርጅት ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ ቢል በርንባክ አይሁዳዊ ነበር፤ ጽሑፉን የጻፈው ጁሊያን ኮኒግም እንዲሁ። ገጹን ያቀናበረው ሄልሙት ክሮን ደግሞ ከጀርመን ስደተኞች ኒው ዮርክ የተወለደ ነው። እነዚህ ሰዎች ተቀምጠው ያወጡት ማስታወቂያ ገጹ ባዶ ነጭ ነው ማለት ይቻላል። መኪናዋ በጥቁርና ነጭ ፎቶ፣ ጥግ ላይ፣ ከአውራ ጣት ብዙም ሳትበልጥ ተቀምጣለች። ከሥሯ ያለው ርዕስ ሁለት ቃል ነው፤ አንባቢው ትንሽ ነገር እንዲያስብ ይጋብዘዋል። ቀጥሎ ያለው ጽሑፍ ድምፁን ሳያነሣ ይቆጥራል፤ ቤንዚኗ ትንሽ፣ ዘይቷ ትንሽ፣ የምትቆምበት ቦታ ትንሽ፣ ኢንሹራንሷ ትንሽ፣ የጥገና ወጪዋ ትንሽ። ተፎካካሪዎቿ የሚያሙባት ትንሽነት አንድ በአንድ ወደ ባለቤቷ ኪስ የሚገባ ገንዘብ ሆነ።

በማግስቱ ዓመት የወጣው ደግሞ የበለጠ ድፍረት ነበረው። ከመኪናዋ ፎቶ ሥር አንድ ቃል ብቻ ተጻፈ፤ «ሎሚ»። አሜሪካኖች ሎሚ የሚሉት ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ብልሽት ያለበትን መኪና ነው። የትኛው ሻጭ ነው ዕቃውን ራሱ ብልሹ ብሎ የሚጠራ? አንባቢው ደንግጦ ጽሑፉን ሲያነብ ነገሩ ይገለጥለታል። ዳሽቦርዱ ላይ ባለችው የዕቃ መክተቻ ጌጥ ላይ ጭረት ስለተገኘ ያቺ መኪና ለገዢ እንዳትሰጥ ተደርጋለች። ቮልፍስቡርግ ባለው ፋብሪካ በቀን ከሚወጡት መኪኖች የተቆጣጣሪዎቹ ቁጥር ይበልጣል። ብልሹዎቹን እነሱ ይለቅማሉ፤ ደህናዎቹ ለአንተ ይደርሳሉ።

እነዚህ ማስታወቂያዎች ካዲላክን በስም አልጠሩትም፤ አልሰደቡትምም። ያደረጉት ከመሰላሉ መውረድ ነው። በወቅቱ 1,600 ዶላር አካባቢ የምታወጣ መኪና 5,000 ዶላር ገደማ ከሚጠየቅበት ካዲላክ ጋር በርዝመትና በጌጥ ብትወዳደር ገና ሳትጀምር ተሸንፋለች። ስለዚህ ሚዛኑን ቀየሩት። ቅርጿ በየዓመቱ አይቀየርም፤ እንግዲያው አታረጅም። ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፤ እንግዲያው ውኃ የሚያፈላ ራዲያተር የላትም። ገዢዋ «ያልደረሰ ሰው» መሆኑ ቀርቶ «በጌጥ የማይታለል ሰው» ሆነ። ያው ደመወዝ፣ ያው መኪና፤ ሲወርድ የሚያዩት ዓይኖች ግን ተለወጡ። በ1968 አሜሪካ ውስጥ በአንድ ዓመት ብቻ ከ400 ሺህ በላይ ተሸጠች። በ1972 የፎርድን ሞዴል ቲ የምርት ብዛት አለፈች። የመጨረሻዋ በ2003 ሜክሲኮ ፑዌብላ ላይ ስትሠራ ቁጥሯ ከ21 ሚሊዮን በላይ ነበር። አድቨርታይዚንግ ኤጅ የተባለው የሙያው መጽሔት በ1999 የመቶ ዓመቱን ማስታወቂያዎች ሲመዝን አንደኛ ያደረገው የእሷን ነው።

የዚህችው መኪና ታሪክ በእኛ አገር ሌላ ገጽ አለው። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ማለዳ የደርግ መኮንኖች ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ገብተው ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን መውረዳቸውን የሚገልጸውን ቃል አነበቡላቸው። ሕዝብ በሮልስ ሮይስ ሲያልፉ እጅ ሲነሣ የኖረላቸው ንጉሠ ነገሥት ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር የተወሰዱት በቮልስ ነው። ያን ቀን ከኖሩት ሰዎች አዋጁን ቃል በቃል የሚያስታውስ አላገኘሁም፤ መኪናዋን የረሳ ግን የለም። አንድ ዘመን ማለፉን ለመናገር ያቺ የኋላ በር የሌላት ትንሽ መኪና በቃች። ኒው ዮርክ ላይ የብልህ ሰው ምልክት የሆነችው፣ አዲስ አበባ ላይ የግርማ መውደቂያ ሆና ተነበበች።

ሦስተኛም ገጽ አለ፤ እሱ የራሴ ነው። ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን አንድ መምህር ነጭ ቮልስ ነበረቻቸው። ባትሪዋ ስለሚደክም ሁልጊዜ ቁልቁለት ላይ ያቆሟታል፤ ጠዋት ጠዋት እኛ ልጆቹ እየተሯሯጥን እንገፋላቸዋለን። ስትነሣ መስኮታቸውን ከፍተው «እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጆቼ» ይሉናል፤ እኛም የራሳችን መኪና የተነሣች ያህል እንፈነጥዛለን። ጋሼ ስለ መኪናቸው ይቅርታ ሲጠይቁ አንድም ቀን አልሰማሁም። ከእሳቸው ቤት ፊት ለፊት ትልቅ መርሰዲስ ይቆም ነበር፤ የሰፈሩ ሰው ከወንበሩ ተነሥቶ ሰላም የሚለው ግን መምህሩን ነው። መኪና ለባለቤቱ ክብር የሚያበድረውን ያህል ባለቤትም ለመኪናው ክብር ያበድራል። የማስታወቂያ ሰው ይህን ካልተረዳ ሥራውን አልጀመረም።

አሁን ወደ ኮሪያ ልሻገር። ሂዩንዳይ አሜሪካ የገባው በ1986 ኤክሴል በምትባል መኪና ነው። ዋጋዋ 4,995 ዶላር ነበር፤ የማስታወቂያውም ዋና ጉልበት ዋጋው ነበር። ገበያው ተሻማት። ነገር ግን ማስታወቂያ ያመጣውን ገዢ የሚያቆየው ዕቃው ነው፤ ኤክሴል ቶሎ ቶሎ ትበላሽ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የኩባንያው ስም በቴሌቪዥን ቀልደኞች አፍ መተረቻ ሆነ። በ1998 ዓመቱን ሙሉ የሸጠው ወደ 90 ሺህ መኪና ነበር።

መተረቻ ለሆነ ስም ሁለት መድኃኒት አይቻለሁ። አንደኛውን የቼኩ ስኮዳ እንግሊዝ አገር ሞክሮታል። ከ1991 ጀምሮ የቮልስ ሠሪው የፎልክስዋገን እጅ ገብቶ መኪኖቹ ተሻሽለው ሳለ በስሙ የሚቀለደው ቀልድ አልቆመም። በ2000 ባወጣቸው ማስታወቂያዎች ፋቢያ የተባለችው አዲሷ መኪና በጣም ስላማረቻቸው ስኮዳ ናት ቢባሉ እሺ የማይሉ ሰዎችን አሳየ። ቀልዱን ሸሽቶ አልተደበቀም፤ ፊት ለፊት ቆሞ ተቀበለውና ጊዜው ያለፈበት መሆኑን ሰው ራሱ እንዲያይ አደረገ። መኪናዋ ባትሻሻል ኖሮ ግን ይህ ንግግር በራስ ላይ የተሰነዘረ ስድብ በሆነ ነበር።

ሁለተኛውን ሂዩንዳይ መረጠ፤ ይኸውም በገንዘብ መናገር ነው። በ1998 መጨረሻ ለሞተሩና ለካምቢዮው የ10 ዓመት ወይም የ100 ሺህ ማይል ዋስትና ሰጠ። 160 ሺህ ኪሎ ሜትር ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ይህን ያህል ዋስትና ቅንጡዎቹም አይሰጡም ነበር። ልብ በሉ፤ «መኪናችን ጠንካራ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ለተናጋሪው ምንም አያስወጣውም፤ ውሸታሙም እውነተኛውም እኩል ይለዋል። «ከተበላሸ እስከ 10 ዓመት ወጪው የእኔ ነው» የሚለውን ግን ውሸታም አይደፍረውም፤ ይከስራልና። በአገራችን ዋስ የሚሆን ሰው በራሱ ንብረት ነው የሚፈርመው። ሂዩንዳይም ለራሱ ዕቃ ዋስ ሆኖ ፈረመ። እንዲህ የፈረመ ፋብሪካ መሐንዲሶቹን የማጥበቅ ግዴታ ውስጥ ይገባል፤ ማስታወቂያው ራሱ ዕቃውን ማረም ይጀምራል።

አሥር ዓመት ከቆየ በኋላ ነው ቅንጡዎቹን በስም የነካው። በ2008 ጄነሲስ የተባለች ትልቅ መኪና አቀረበ። በአሜሪካ ፉትቦል ፍጻሜ ምሽት፣ አገሩ ሁሉ ቴሌቪዥን ፊት በተቀመጠበት ሰዓት፣ ስፋቷ እንደ ትልቁ መርሰዲስ፣ ዋጋዋ ግን እንደ ትንሹ መርሰዲስ መሆኑን ተናገረ፤ መርሰዲስ፣ ቢኤምደብሊውና ሌክሰስ ይህን ሲሰሙ ደስ እንደማይላቸውም አከለ። በ2009 ጄነሲስ የሰሜን አሜሪካ የዓመቱ መኪና ተብላ ተመረጠች። በዚያው ዓመት የፍጻሜ ምሽት የታየው ማስታወቂያ የጀርመንና የጃፓን ቅንጡ መኪና አለቆች በየቢሯቸው በንዴት ሲጮኹ ያሳይ ነበር።

ይህ ንግግር በ1990 ቢነገር ሰው በሳቀበት ነበር። በ2008 የሚደመጥ የሆነው አሥር ዓመት ሙሉ የዋስትናው ዕዳ ሲከፈል ስለቆየ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንዲሉ።

ከሁሉ በላይ የማደንቀው ግን ፉክክር የሌለበትን ሥራውን ነው። በ2009 መጀመሪያ አሜሪካ በገንዘብ ቀውስ ተመትታ ሰው በየቀኑ ከሥራ ይባረራል። መኪና ሻጮች ዋጋ ይቀንሳሉ፤ ገዢ ግን የለም። ሂዩንዳይ ሰዎች የማይገዙት ዋጋው ስለከበዳቸው ብቻ እንዳልሆነ ተረዳ። የያዛቸው ፍርሃት ነው፤ ነገ ሥራዬን ባጣ የዚህን መኪና ብድር በምን እከፍላለሁ የሚል። ስለዚህ በአንድ ዓመት ውስጥ ገቢውን ያጣ ገዢ መኪናውን መመለስ እንዲችል ቃል ገባ። የመለሱት በጣም ጥቂት ነበሩ። የአሜሪካ የመኪና ገበያ ከአምስት አንድ እጁን ባጣበት በዚያ ዓመት የሂዩንዳይ ሽያጭ በ8 በመቶ ገደማ አድጎ ከ430 ሺህ አለፈ። ጄኔራል ሞተርስና ፎርድ በወራት ውስጥ ተመሳሳይ ቃል ይዘው ተከተሉት። ለይኸው ኩባንያ በአትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ማራቶን ሞተር በኩል እዚህ አዲስ አበባም መኪና ሲገጣጠምለት አይተናል።

የወደቀውንም ማየት አለብን፤ ከወደቀው የምንማረው ይበልጣልና። የታታ ኩባንያ አለቃ የነበሩት ራታን ታታ በሕንድ መንገድ ላይ አባት፣ እናትና ልጆች በአንዲት ሞተር ሳይክል ተጣበው በዝናብ ሲጓዙ አይተው ልባቸው ተነካ። ለእነዚህ ሰዎች አቅማቸው የሚችለው፣ ጣሪያ ያለው መኪና እሠራለሁ አሉ። በጥር 2008 ኒው ዴልሂ ላይ ናኖ የተባለችውን መኪና ገለጡ፤ ዋጋዋ 100 ሺህ ሩፒ፣ በጊዜው ምንዛሪ 2,500 ዶላር ገደማ። ሐሳቡ ቅን ነበር፤ የመሐንዲሶቹም ብልኃት የሚደነቅ ነው። የዝናብ መጥረጊያዋ አንድ ብቻ፣ በየጎማዋ ቡሎኗ ሦስት፣ ሞተሯ ባለ ሁለት ሲሊንደር ነው። የኋላ የዕቃ ማስቀመጫዋ ከውጭ አይከፈትም።

ዓለም ሁሉ ግን አንድ ስም ሰጣት፤ «የዓለም ርካሿ መኪና»። ኩባንያውም ስሙን ተቀብሎ ተሸከመው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ከሞተር ሳይክል ወደ መኪና የሚሸጋገር የሕንድ ቤተሰብ ዘመኑን ሙሉ ገንዘብ ያጠራቀመው ለአንድ ቀን ነው፤ መኪናው ደጃፉ ላይ አበባ ተደርጎለት፣ ጎረቤት ተሰብስቦ «እንኳን ደስ አላችሁ» ለሚልበት ቀን። በዚያ ቀን ደጃፉ ላይ የምትቆመው መኪና ግን ስሟ «ከሁሉ ርካሽ» ሆነ። የድካሙ ዘውድ መሆን የነበረባት የድህነቱ ማስረጃ ሆነች። ብዙው ሰው ጥቂት ገንዘብ ጨምሮ ያገለገለ ግን ስሙ የተሻለ መኪና ገዛ።

ሌላም ችግር ተደራረበባት። በምዕራብ ቤንጋል ሲንጉር በገበሬዎች ተቃውሞ ምክንያት ፋብሪካው ሳያልቅ ወደ ጉጃራት ተዛወረ። ጥቂት መኪኖች በእሳት ተያያዙ። በ2014 በተደረገ የግጭት ፈተና ዜሮ ኮከብ አገኘች። በዓመት 250 ሺህ መኪና እንዲያወጣ የታነጸው ፋብሪካ ሽያጩ በደመቀበት ዓመት እንኳ 80 ሺህ አልሞላም፤ በ2018 ምርቱ ቆመ። ራታን ታታ ራሳቸው ኋላ ላይ ናኖን በርካሽነት ማስተዋወቁ ስሕተት እንደነበር ተናግረዋል። ናኖ በተገለጠችበት በዚያው 2008 ታታ ሞተርስ ጃጓርንና ላንድ ሮቨርን ከፎርድ በ2.3 ቢሊዮን ዶላር ገዝቷል። የሀብታሙን ኩራት እንዴት እንደሚጠብቅ የሚያውቅ ቤት፣ የደሃውን ኩራት መጠበቅ አቃተው። ደሃ ኩራት የለውም ብሎ ማሰብ በእኛ ሙያ ትልቁ ስሕተት ነው። እንዲያውም ከእሱ የሚበልጥ ኩሩ የለም፤ ሌላ የሚጠብቀው ንብረት የለውምና።

ከናኖ ጎን አስቀምጬ ማየት የምወደው የሩማኒያውን ዳቺያ ነው። የፈረንሳዩ ሬኖ በ1999 ገዛው፤ የሬኖ አለቃ ሉዊ ሽዋይትዘር 5,000 ዩሮ የሚያወጣ መኪና እንዲሠራ አዘዘ። በ2004 የወጣችው ሎጋን ለድሃ አገሮች ታስባ ነበር፤ የምዕራብ አውሮፓ ሰዎች ግን «ለእኛስ?» ብለው ጠየቁ። መሐንዲሶቹ ወጪ የቀነሱበት መንገድ ዕውቀት ነው። የግራና የቀኝ ስፖኪዮዋ አንድ ዓይነት ነበር፤ አንዱ ለሁለቱም ወገን ይሆናልና ፋብሪካው ሁለት ዓይነት ማምረት አላስፈለገውም። በ2013 ሌላዋ የዳቺያ መኪና ሳንዴሮ እንግሊዝ ስትገባ ዋጋዋ 5,995 ፓውንድ ነበር። ዋጋው ዝቅተኛ የሆነው ዓይነት ራዲዮ አልነበረውም፤ ቀለሙ ነጭ ብቻ፤ የፊትና የኋላ መከላከያው ያልተቀባ ጥቁር ፕላስቲክ ነበር።

ታዲያ ይህ ከናኖ በምን ተለየ? ዳቺያ የጎደለውን ሲናገር ገዢውን የጠራበት ስም ሌላ ነው። ጀርመን አገር፣ የመርሰዲስና የቢኤምደብሊው ደጅ ላይ ቆሞ፣ ራሱን የክብር ምልክት ለማያስፈልጋቸው ሰዎች የተሠራ የክብር ምልክት ብሎ አስተዋወቀ። ገዢው «ከዚህ በላይ አልቻልኩም» ከሚል ሰው «ከዚህ በላይ አልፈለግሁም» ወደሚል ሰው ተሸጋገረ። በሁለቱ መካከል ያለው የኪስ ልዩነት አይደለም፤ የነፃነት ነው። በ2024 በመላው አውሮፓ ከሁሉ በላይ የተሸጠችው መኪና ሳንዴሮ ናት።

እዚህ ላይ ግን ጭብጨባዬን ልገታ። በ2021 የአውሮፓ የግጭት ፈተና ሳንዴሮ ስቴፕዌይን መርምሮ ከ5 ኮከብ 2 ሰጣት፤ አንዱ ምክንያት ሌሎች መኪኖች የሚይዟቸው አደጋ መከላከያ መሣሪያዎች አለመገጠማቸው ነው። በዚያው ዓመት የዳቺያ የኤሌክትሪክ መኪና ስፕሪንግ 1 ኮከብ ብቻ አገኘች። ራዲዮ ቢጎድል ሰው እየዘፈነ ይሄዳል። የሕይወት መጠበቂያ ሲጎድል ግን «ትርፍ ነገር አስቀረንልህ» የሚለው ንግግር እውነትነቱ ያበቃል። የገዢውን ክብር ይዘው የተነሡ ማስታወቂያዎች ሁሉ መጨረሻ የሚፈተኑበት ቦታ ይህ ነው። ሰውን በእውነት የሚያከብር ፋብሪካ የሀብታምንና የደሃን አጥንት በአንድ ሚዛን ይመዝናል።

ወዳጆቼ፣ ይህን ሁሉ የማወራው ጉዳዩ ደጃችን ስለደረሰ ነው። ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች። ትናንት ስማቸውን ያልሰማናቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች፣ አብዛኞቹ ከቻይና፣ ዛሬ በየመሸጫው ተደርድረዋል። ኮፈን ከፍቶ ድምፅ አዳምጦ መኪና የሚመርጥ የጋራዥ ሰው ይዞ መሄድ እንደ ቀድሞው አይበቃም፤ የሚደመጥ ሞተር የለም። እንግዲህ የቀረን የሻጩ ቃል ነው። ቃሉን የምንመዝንበት ከዛሬው ታሪካችን ሦስት ጥያቄ ይዘን እንውጣ።

መጀመሪያ፣ ከዚህ መኪና ላይ ምን ቀነሳችሁ? ብለን እንጠይቅ። ዋጋ ከሰማይ አይወርድም፤ የሆነ ነገር ተቀንሷል። ጌጥ ከሆነ እሰየው። የደኅንነት መጠበቂያ ከሆነ ዋጋውን የምንከፍለው ሌላ ቀን፣ መንገድ ላይ ነው። ሁለተኛ፣ ባትሪው ቢደክም ለስንት ዓመት የእናንተ ዕዳ ነው? መለዋወጫውስ የት ነው ያለው? ሂዩንዳይን ያዳነው በወረቀት ላይ የሠፈረ፣ የሚያስከፍል ቃል ነው፤ እኛም በፊርማ እንጂ በፈገግታ አንግዛ። ሦስተኛውን ጥያቄ ለራሳችን እናቅርብ፤ ይህ ማስታወቂያ እኔን ማን አድርጎ ነው የሚያየኝ? ብልህ ሰው? ወይስ ያልደረሰ ሰው? ያልደረሰ አድርጎ የሚያየን ሻጭ ነገ ለጥገና ስንመጣም እንደዚያው ነው የሚያስተናግደን።

በሙያው ላይ ላላችሁ ወጣት ጸሐፊዎችና ሥዕል ሠሪዎች ደግሞ አንድ አደራ አለኝ። ለርካሽ ዕቃ ማስታወቂያ ስትሠሩ በመጀመሪያ የምታስቡት ሰው ገንዘቡን በሳንቲም ያጠራቀመው ይሁን። የሚገዛውን ዕቃ ከመሣላችሁ በፊት እሱን ከነክብሩ ሣሉት። ዕቃው የጎደለው ካለ አትደብቁ፤ ብልሽቱን ራሱ የተናገረ ሻጭ ሲታመን አይተናል።

ንግግሬን በጤፉ ጀምሬ ነበር፤ በዚያው ልጨርስ። «ተወደደ» የሚለው ቃል በአማርኛችን ሁለት በር አለው። በአንዱ በር የከበደ ዋጋ ይገባል፤ በሌላው የሰው ፍቅር። ከዛሬዎቹ ታሪኮች ውስጥ ቮልስ በሁለተኛው በር ብቻ ገብታ ከአርባ ዓመት በላይ ኖራለች። ቁልቁለት ላይ የሚያቆሟት መምህራችንም፣ እየሮጥን የምንገፋት ልጆችም ምስክሮቿ ነን። ዋጋው ሳይወደድ የተወደደ ዕቃ መሥራት ይቻላል። የሠራው ሰው ካለ፣ ከገዢው ፊት ቀና ብሎ እውነቱን ይናገርለት።